የተማሪ ፓርላማችን ከበር ጥበቃ ሌላ ምን ይሥራ? (ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ሃሳብ ስጡን)

ጸሐፊዋ፦ ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን የመንግሥት ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ። ስሙን አልጠራም፣ መምህራኖቻችንም እዚህ ገብተው ስለሚያነቡ። ዘንድሮ የተማሪ ፓርላማ ጸሐፊ ሆኜ ተመርጫለሁ። ከየክፍሉ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ተወካይ አለን፣ አፈ ጉባኤ አለን፣ ኮሚቴ አለን፣ ማኅተም ብቻ ነው የቀረን።

ሥራችን ግን ይሄ ነው፦ ጠዋት በር ላይ ቆመን አርፋጅ እንመዘግባለን። ጸጉር ያሳደገ፣ ሹራብ የቀየረ ካለ ስሙን ጽፈን ለዩኒት መሪ እንሰጣለን። ሰልፍ እናስይዛለን። የወላጆች ቀን ሲደርስ ወንበር እናመላልሳለን። ተማሪው “ጆሮ ጠቢዎች” ማለት ጀምሯል፤ እውነቱን ለመናገር አይፈረድበትም።

ባለፈው ስብሰባችን ላይ ሦስት ሃሳብ ተነሣ። አንዱ ለሴት ተማሪዎች ድንገት ሲመጣባቸው የሚያገኙት ሞዴስ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው የመጽሐፍ ጉዳይ ነው፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ጀምሮ ብዙው ልጅ መጽሐፉን የሚያውቀው በቴሌግራም በተላከ ሶፍት ኮፒ ነው፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሦስተኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ለ9ኛ ክፍል ልጆች ቲቶሪያል መስጠት።

ከዚያ ጭቅጭቅ ሆነ። ግማሾቹ “እኛ የተመረጥነው የተማሪውን ጥያቄ ልናቀርብ ነው፤ ሞዴስና መጽሐፍ ማቅረብ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ከሸፈንንለት ዝም ይላል” አሉ። ግማሾቹ “አምና ጥያቄ ቀርቦ ማን መለሰ? ራሳችን እንሥራ” አሉ። ሳንወስን ደወል ተደወለ። ገንዘብ የለንም፤ ዜሮ። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ?

ባለ ባጃጁ፦ ሰኞ ማታ

አርፋጅ መመዝገብ አቁሙና ጀምሩ። ከኮዬ ፈጬ ታክሲ ተጋፍቶ የሚመጣ ልጅ ላይ ከዚህ የበለጠ በጎ አድራጎት የለም ሃሃሃ

ቲቸር ዘ ሥነ ዜጋ፦ ማክሰኞ ጠዋት

ባለ ባጃጁ ቀልድህ ውስጥ ቁም ነገር አለ። በር ጥበቃ የጥበቃና የዩኒት መሪ ሥራ ነው። ልጆች ተመርጠው ልጆችን እንዲከሱ ማድረግ ፓርላማውን ገና ሳይጀምር ይገድለዋል፤ ከዚያ በኋላ ምን ይዘው ቢመጡ ማንም አይሰማቸውም። ይህን በርዕሰ መምህሩ ፊት በጨዋ ቋንቋ፣ በጽሑፍ አንሡት።

ጸሐፊዋ፣ በሌላ ክፍለ ከተማ ለብዙ ዓመት የፓርላማ ተጠሪ መምህር ነበርኩና የማውቀውን ልንገርሽ። የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ዕቅድ በአራት ዘርፍ ነው የሚዘጋጀው፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎ። የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር ይባላል። ኮሚቴው ውስጥ ተማሪም አለበት፤ ብዙ ቦታ ተማሪው ስሙ ተጽፎ ለስብሰባ የማይጠራ ነው። መጀመሪያ የእናንተ ተወካይ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ሞዴስም ሆነ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ “ምቹ የመማሪያ አካባቢ” ሥር ነው የሚገባው። እዚያ ዕቅድ ውስጥ በአንድ መስመር ከገባ ስኩል ግራንት ከሚባለው ድጎማ ወይም ከውስጥ ገቢ ሊታይ ይችላል። እዚያ ካልገባ ግን ምክትሉ የፈለገ ቢወድሽ “በጀት የለውም” ነው መልሱ፣ ውሸቱንም አይደለም።

ጥያቄ ወይስ አገልግሎት የሚለው ክርክራችሁን ወድጄዋለሁ። ለጥያቄ ወገኖች አንድ ነገር ላቀብላቸው፦ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ልጅ በሚነካው ጉዳይ ሁሉ ሃሳቡ ሊሰማ ይገባል ይላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው በግንቦት 1983 ነው፣ መንግሥቱ አገር ጥሎ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው። በዚያ ግርግር መሐል ማን እንደፈረመው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሃቀኛው፦ ማክሰኞ ከሰዓት

ዝርዝር ውስጥ ችግኝ ተከላ ባለመኖሩ ደስ ብሎኛል። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ ያላስተከለ ፓርላማና ክበብ የለም፤ ባነር፣ ቲሸርት፣ ፎቶ። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ (ስሙ ይቅር) የደረቀውን ልንነቅል ገብተን ችግኙን ስንጎትተው ከነጥቁር ፕላስቲኩ ወጣ። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ክር ልቃቂት ተጠቅልሎ አፈር የሚባል ሳይነካ ነው የሞተው። የተከለው ሰው ፕላስቲኩን ቀድዶ ለማውጣት እንኳ ጊዜ አልነበረውም፣ ፎቶ ይደርስበታል።

በዚያ ላይ የእናንተ ሰፈር አፈር መረሬ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ያወልቃል፣ የካቲት ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የምትተክሉት ሐምሌ ላይ ነው፤ ተማሪ እረፍት ላይ ነው። የሚደርቀው ከጥር እስከ ግንቦት ነው፤ ተማሪ ግቢ ውስጥ ነው፣ ውሃ ግን በፈረቃ ነው። ስለዚህ ማንም መጥቶ “ፓርላማው ችግኝ ይትከል” ካላችሁ፣ አምና የተተከለውን በየክፍሉ አከፋፍላችሁ ውሃ አጠጡ። ለዚያ ባነር አያስፈልግም።

የቀረውም ከዚህ የሚለይ አይመስለኝም። ሞዴሱም አንድ ቀን በፎቶ ተሰጥቶ ያልቃል።

የጤና ባለሙያ ከአቃቂ፦ ማክሰኞ ማታ

ሃቀኛው በችግኙ አልከራከርህም። በሞዴሱ ግን እከራከርሃለሁ።

ጸሐፊዋ እህቴ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ፣ ትምህርት ቤቶች እየዞርኩ አስተምራለሁ። እስኪ የመውጫ ወረቀታችሁን አስቢው። ሴት ልጅ ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ቢመጣባት ወደ ቤት ለመሄድ የዩኒት መሪውን ፊርማ ትጠይቃለች። ወረቀቱ ላይ “ምክንያት” የሚል መስመር አለ። ዩኒት መሪው ወንድ ነው፣ ቢሮው ውስጥ ሌሎች ሁለት ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። “ሆዴን አሞኛል” ትላለች። ሹራቧን ወገቧ ላይ አሥራ ትወጣለች፣ የዚያን ቀን ተመልሳ አትመጣም፣ ብዙ ጊዜ በማግሥቱም። በየወሩ። ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ለምን ደከመች ተብሎ በስብሰባ የሚጠየቀው ኋላ ነው።

እንዴት ይሠራል? ቁልፉ ተማሪው በማይፈራት አንዲት ሴት መምህርት እጅ ይሁን፤ ሁለተኛ ቁልፍ ከሴት የፓርላማ አባላት ለአንዷ። ዕቃው ቢሮ ውስጥ አይሁን፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለ ክፍል ካለ እዚያ። ስም አትጻፉ። ዛሬ ስንት ወጣ የሚለውን ቁጥር ብቻ መዝግቡ። የሚታጠበው ሞዴስ ለቤት ጥሩ ነው፣ ወጪ ይቆጥባል፣ ነገር ግን በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅቷ አፍራ ከሌላ ልብስ ሥር ደብቃ ታሰጣዋለች፣ እርጥብ እንደሆነ ትለብሰዋለች፣ ከዚያ ማሳከክና ቁስለት ይመጣል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ላይ የሚጣለውን ያዙ፣ የሚታጠበውን ስታስተምሩ ፀሐዩን አብራችሁ አስተምሩ። በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መቀየር አለበት፤ ሙሉ ቀን አንዱን አድርገው የሚውሉ ብዙ ናቸው። የተጠቀሙበትን የሚጥሉበት ክዳን ያለው ባልዲ ከሌለ ደግሞ ጉድጓዱ ይደፈንና ርዕሰ መምህሩ እናንተኑ ይቆጣል።

ለሃቀኛው፦ ያ የቁጥር መዝገብ ፎቶ አይደለም። በሴሚስተሩ መጨረሻ “ይህን ያህል ልጅ ከክፍል ሳትወጣ ቀረች” ተብሎ የሚቀርብ ማስረጃ ነው።

ቲቸር ዘ ሥነ ዜጋ፦ ማክሰኞ ማታ

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ጸሐፊዋ፣ ክርክራችሁ እዚህ ጋ ተፈታ። ትንሽ አገልግሎት ስጡ፣ መዝግቡ፣ መዝገቡን ይዛችሁ ጠይቁ። ጥያቄ ብቻ ይዞ የመጣን ልጅ “ሰማን፣ እናያለን” ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። የወር በወር ቁጥር ይዞ የመጣን ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈር ግድ ይሆናል።

ሦስተኛ ዓመት፦ ረቡዕ ከሰዓት

እኔም የፓርላማ ሰው ነበርኩ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። ስለ ቲቶሪያሉ ብቻ ልናገር።

12ኛ ክፍሎችን አስተማሪ አታድርጉ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ውጤት ታውቁታላችሁ፤ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈተነው 3.3 በመቶ ነበር፣ ቀጥሎ 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። ያ ልጅ ቅዳሜውን ለሌላ ሊሰጥ አይችልም፣ ቢሰጥም ከኅዳር አያልፍም። 11ኛዎቹ እናንተ ናችሁ ትክክለኞቹ። ለራሳችሁም ክለሳ ነው።

ሁለተኛ፣ 9ኛ ክፍል ልጅ ሒሳብ አልገባኝም ሲል ግማሹን ጊዜ ያልገባው እንግሊዝኛው ነው። ጥያቄውን በአማርኛ ስትነግረው ሳትጨርስለት ይመልሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች ጥያቄ ማንበብ ብቻ አድርጉት፤ ምን ተሰጠኝ፣ ምን ተጠየቅኩ። ቀመር ኋላ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉን ሙሉውን ፎቶ ኮፒ ለማድረግ አትሞክሩ፣ ትከስራላችሁ። የየምዕራፉን መጨረሻ መልመጃ ብቻ አባዙና በጥራዝ አድርጋችሁ ላይብረሪ አስቀምጡ፤ ልጁ እዚያው ደብተሩ ላይ ይሥራው። 12ኛ ሲጨርሱ አጋዥ መጽሐፎቻቸውን እንዲተዉላችሁ ደግሞ ካሁኑ ተናገሩ። ፈተና ተፈትኖ የወጣ ልጅ ደብተሩን እንኳ ይዞ ወደ ቤት መግባት አይፈልግም፣ ያኔ ነው መለመን።

ሌላ፣ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አፍንጫችሁ ሥር ነው። ፊርማና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱና በጎ ፈቃደኛ ጠይቁ። ከ2016 ጀምሮ የ12ኛው ፈተና በከፊል በኮምፒውተር ሆኗል። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ፈተና ክፍል ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ብታስቀምጧቸው ትልቅ ነገር ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ረቡዕ ማታ

ልጄ ጸሐፊዋ፣ እግዚአብሔር ያሳድግሽ። በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ውስጥ አለሁበት። ሁላችሁም ስለ ሞዴስና ስለ መጽሐፍ አወራችሁ፣ ጥሩ ነው። ስለ ሆድ ያነሣ የለም።

ከተማ አስተዳደሩ በ2012 የጀመረው ምገባ እስከ 8ኛ ክፍል ነው። ትንሹ ልጄ ቁርስም ምሳም በልቶ ይመጣል፣ ተመስገን። ትልቋም አምና ስምንተኛ ሳለች ትበላ ነበር። ሚኒስትሪ ወድቃ ቢሆን ኖሮ ዘንድሮም ትበላ ነበር! አለፈችና 9ኛ ገባች፣ ምሳው ቀረ። የክፍል ቁጥር ሲጨምር ሆድ አይጠብም። የእኔስ ልጅ ሽሮም ቢሆን ትቋጥራለች። ከጎኗ የምትቀመጠው ልጅ ግን አትቋጥርም።

ከተማሪ ገንዘብ እንዳትሰበስቡ ደግሞ። አምስት ብርም ብትሆን። የሌለው ልጅ ያን ቀን ይቀራል።

10ኛ ሲ፦ ረቡዕ ማታ

እናቴ እውነትዎን ነው። ምሳ ያላመጡ ልጆች እኛ ጋ በምሳ ሰዓት ሜዳው ጫፍ ላይ ግንቡን ተደግፈው ይቆማሉ። “ና እንብላ” ስትለው “ቤት በልቼ ነው የመጣሁት” ይልሃል። ማን ነው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ምሳ በልቶ የሚመጣው? ስድስተኛ ፔሬድ ላይ እነሱ ናቸው ዴስክ ላይ የሚተኙት፣ መምህሩ ደግሞ ያባርራቸዋል።

የ67 ዘማች፦ ሐሙስ ጠዋት

ልጆች፣ ሽማግሌ ጣልቃ ይግባ። እኔ በ1967 በእድገት በኅብረት ዘመቻ 12ኛ ክፍል ሆኜ ዘምቻለሁ። 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ነው ገጠር የተበተነው። ማንበብና መጻፍ አስተምረናል፣ ጉድጓድ ቆፍረናል። ከመነሣታችን በፊት ግን የሚሠራው ሁሉ ከአዲስ አበባ ተጽፎ መጥቶ ነበር። የደረስንበት መንደር ሰው የሚለው “መጸዳጃ ቤቱ ይቆይ፣ ድልድዩ ፈርሷል፣ ወፍጮ ቤት መሻገር አልቻልንም” ነበር። መመሪያው ላይ ድልድይ የሚባል አልነበረም።

እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። በጽሑፍ፣ ስም ሳይጻፍ፣ በየክፍሉ ቁራሽ ወረቀት አድሉና “ትምህርት እንዳትከታተል የሚያደርግህ አንድ ነገር ጻፍ” በሉ። ምናልባት ሞዴስም መጽሐፍም ላይሆን ይችላል።

ሃቀኛው፦ ሐሙስ ጠዋት

ጋሼ ይሄ ጥሩ ነው። አንድ ስጋት ብቻ፦ ወረቀቱን ማን ይቆጥራል? ዩኒት መሪ ቢሮ ከገባ ጽሕፈቱን እያየ ልጁን ይለያል።

ቲቸር ዘ ሥነ ዜጋ፦ ሐሙስ ከሰዓት

ስለዚህ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም እያየ፣ ሰሌዳ ላይ በጭረት ይቆጠር፤ እንደ ክፍል አለቃ ምርጫ። ወረቀቱ እዚያው ይቀደድ፣ ድምሩ ብቻ ይውጣ። ሃቀኛው፣ ስታማርር ትጠቅማለህ።

ጸሐፊዋ፦ እሑድ ማታ

አነበብኩት ሁሉንም፣ ለአፈ ጉባኤውም አነበብኩለት። ዓርብ ዕለት ጠየቅን፤ ጋሼ እንዳሉት ቁራሽ ወረቀት፣ ቲቸር እንዳሉት በጭረት። 9ኛ ክፍሎች ላይ አንደኛ የወጣው ርሃብ ነው። እኛ ዝርዝራችን ውስጥ እንኳ አልነበረም። ከሴቶቹ የመጸዳጃ ቤት ውሃና ሞዴስ ተከታትለው መጡ። 11ኛና 12ኛ ላይ መጽሐፍ።

ስለ ምሳው ከልጆቹ ጋር ብዙ ተነጋገርን። ገንዘብ አንሰበስብም። አንዷ የ9ኛ ተወካይ ያመጣችው ሃሳብ ነው የተወሰነው፦ ሁሉም ምሳ ዕቃውን ክፍል ውስጥ ትሪ ላይ ይገለብጣል፣ ከትሪው አብሮ ይበላል። ማን እንዳመጣ ማን እንዳላመጣ አይታወቅም። ወዲያው “የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ” የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ እሷ ግን አስባበት መጥታለች፣ ረቡዕና ዓርብ እንጀምር አለች። ጾም ስለሆነ የክርስቲያኑ ምሳ ሽሮ፣ ምስር ወይ ፓስታ ነው፤ ሙስሊሞቹም በእነዚያ ቀናት ሥጋ ላለማምጣት ተስማሙ። ሌሎቹን ቀናት ኋላ እናያለን። “ቤት በልቼ ነው የመጣሁት” የሚለውን ልጅ ደግሞ እጁን ይዞ የሚያስገባ ሰው ከየክፍሉ መርጠናል፤ 10ኛ ሲ፣ ከክፍልህ አንተን ጽፌሃለሁ።

ለሞዴሱ የባዮሎጂ መምህርታችን ቁልፉን እይዛለሁ ብላለች። መምህራን ከደሞዛቸው በየወሩ ለመጀመሪያው ዙር ሊያዋጡ ነው፤ ሒሳቡን የምትይዘው እሷው ናት፣ እኛ መዝገቡን ብቻ። የውሃውን ጉዳይ ለመሻሻል ኮሚቴው በጽሑፍ አስገብተናል። የተማሪ ተወካይ ማን ነው ብለን ስንጠይቅ፣ ስሙ የተጻፈው ልጅ አምና ተፈትኖ ወጥቷል! አሁን አፈ ጉባኤያችን ተተክቷል።

ቲቶሪያሉ ከሴሚስተር ፈተና በኋላ ይጀመራል። የበሩን ጉዳይ ርዕሰ መምህሩ “እስከዚያው ቀጥሉ” ብለውናል፤ ደብዳቤያችንን ግን ተቀብለው ቁጥር ሰጥተውታል።

የቸገረኝ ትሪ ነው። የ9ኛ ክፍሎቹ ብቻ ስምንት ሴክሽን ናቸው፣ ከቤት ማንም ትሪ አያስወጣም።

የሁለት ልጆች እናት፦ እሑድ ማታ

ትሪ ከእድራችን አለ፣ ትልልቁ። ለቅሶ በሌለበት ሳምንት ትወስዳላችሁ። ሊቀመንበሩን አናግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ግን ዕቃ ጠባቂያችን በቁጥር ነው የምታስረክበው፣ አንዲት ትሪ ብትጎድል ሰፈሩን ነው የምታምሰው፤ ከመምህርት ጋር ሆናችሁ ኑ፣ ፈርሙ፣ አጥባችሁ መልሱ። ማክሰኞ ከ11 ሰዓት በኋላ ብሎክ 14 ታች ያለው የእድሩ መጋዘን ክፍት ነው።

ጸሐፊዋ፦ እሑድ ማታ

ማክሰኞ እንመጣለን እናቴ። ለቅሶ ከገባ ደውሉልን፣ ዓርብ በሰፌድም ቢሆን እንበላለን።